የሚያልቅ ዕቃ

ሦስት ዓመት ይላል ወረቀቱ፣ ወይም መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር፤
እኔ ገና ሰማንያ ላይ ነኝ፣ ዓባይን ስወርድ ስሻገር።
ደብረ ማርቆስ፣ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ልጅ
ምንይችል ነው ስሙ፤ ግራሶ ነክቶት የማያውቅ እጅ።
አይሱዙዬ አፍንጫዋን አስግጋ ቆማለች ከደጅ።

«ጋሽ አላምረው» አለኝ፣ «ሁለት ነገር ነው የያዘን፤ አንዱ ሸራው ነው፣
የፍሬን ሸራ ያልቃል፤ ድሮም ሊያልቅ ነው የተሠራው።
ሁለተኛው፣ ተነካክታለች፤ እንደ ወጣች አይደለችም፤
የወለዳት ፋብሪካ ዛሬ ቢያያት፣ ልጄ ናት አይልም።»

እውነቱን ነው። ቡሬ፣ ስንሻው ጋራዥ፣ አምና በክረምት፣
ከኋላ ሁለት ባሌስትራ አስጨመርኩላት፣
ስፖንዳዋን በክንድ አስረዘምኩት፣
ፖርቶመጋላ አስበየድኩ፣ ሁለተኛ ታንከር አሰርኩባት።
ስንሻው መነጽሩን እያወለቀ «ተው» ብሎኛል፤
«ይህን ብየዳ ያየ ሰው ወረቀትህን ይቀድልሃል።»
«ወረቀት ጭነት አይሸከምም» አልኩት።
ነጋዴው «አሥር ኩንታል ድገም» ሲለው እምቢ ያለ ሾፌር የለም፤
ካለም፣ በሚመጣው ገበያ ስልኩ አይጮኽም።

«ግን ልጠይቅህ» አልኩት ልጁን፣ «ይህን ውል የጻፈው ሰው ደጀንን ያውቀዋል?
ጉም መሐል፣ ሸራው እየሸተተ፣ በሁለተኛ ማርሽ ወርዶታል?
ድልድዩን ሲሻገር፣ ሽቅቡ እንደገና አፉን ከፍቶ ጠብቆታል?
እሺ፣ ሸራው ይቅር፤ የሸራ ነፍሱ ማለቅ ነው፣ አውቃለሁ፤
እኔ ለፊት ቀኝ ኩሽኔታ ነው የመጣሁ።
ባሌስትራ ያስጨመርኩት ከኋላ፣
የጮኸው ከፊት፤ እስቲ አስረዳኝ አባቴ፣
የላም ጅራት ቢረዝም ቀንዷ ይወልቃል በሞቴ?»

ልጁ ብዕሩን አስቀመጠ።
ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ፣ ካርቶን ይዞ ወጣ፣
ከሥሯ ገባ። በክሪክ ያነሣነውን ጎማ በመዳፉ ሲያሽከረክረው
ጠጠር የሚቆረጥም ድምፅ መጣ።
ሲወጣ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል።
«አባቴ ፍኖተ ሰላም ጋሪ ነበረው» አለኝ፤ «ኩሽኔታ ሲሞት ድምፁ ያስታውቃል።»

ጻፈም፦ ኩሽኔታ፣ ይሸፈናል። ሸራ፣ አይሸፈንም።
ባሌስትራ፣
(ከሥሯ የተኛው እሱ ነው፤ ግንባሩን ሊገጨው ምንም አልቀረው)
አልታየም።

ለካ ዋስ ሰው ነበር።
እኔ ወረቀት ሳገላብጥ ከርሜ፣ በማኅተም ስምል ስገዘት፣
ዋሴን ካርቶን ላይ ተኝቶ አገኘሁት።

ማታ ጥሩዓለም ግራ ጉልበቴን በቅባት ታሸዋለች፤
የፍሪሲዮን ጉልበት ነው፣ ቀን ሺህ ጊዜ የሚረግጥ፤
ሲታጠፍ እንደዚያ ኩሽኔታ ይቆረጥማል።
«ይኼስ ይሸፈናል?» አልኳት። ሳቀች።
«ሊያልቅ ነው የተሠራው። ደግሞ ተነካክተሃል፤
እኔ ሳገባህ ይህ ሆድ አልነበረም፣ ይህ ሽበት፤
ዋስህ አያ ቢተውም ሞተዋል፤ ማንን ልጠይቅበት?»
እጇን ግን ከጉልበቴ አላነሣችም።

በሳምንቱ ዓርብ፣ ሊነጋ ሲል፣ የደጀን ቁልቁለት።
ኩሽኔታው ዝም። ሁለት ወር የለመድኩትን ጩኸት
ጆሮዬ ፈልጎ ፈልጎ አጣው።
ሸራው ግን ከሦስተኛው መታጠፊያ ጀምሮ እንደ ልማዱ ሸተተ፤
በገንዘቤ ነው የገዛሁት፣
ይሽተት።